ባቢሌን አልፈህ በዳካታ ታጠፍ

አስቀድሜ አድራሻዬን ልንገራችሁ። ብነግራችሁም አትመጡም፤ ብትመጡም አታገኙኝም። ቤቴ ሐረር ነው፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ። በኤረር በር ገብታችሁ ዋናውን መንገድ ትንሽ ወደ ላይ ትሉና በስተግራ ባለው ጉራንጉር ትገባላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ድሮ እንዲህ ብዬ እጨርሰው ነበር፦ "ሮዙን ግንብ አልፋችሁ፣ አረንጓዴው ዘንድ ታጥፋችሁ፣ ሰማያዊውን ታክካችሁ፣ ደረጃው ላይ ያለው ቢጫ ቤት።"

የእኛ ሰፈር ሰው የቤት ቁጥር አያውቅም። ቁጥሩስ አለ፤ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ በየበሩ ተመትቷል። የሚያውቀው ግን የመታው ሰው ብቻ ነው። እኛ የምንተዋወቀው በግንብ ቀለም ነው። "እገሌ ከማን ቤት አገባ?" ሲባል "ከብርቱካኑ ቤት" ነው መልሱ። በዓል በመጣ ቁጥር እያንዳንዱ ቤት ግንቡን ያድሳል፤ ቀለሙን ግን አይለውጥም። ሚስቱን የለወጠ ሰው በሰፈራችን አይቻለሁ፤ የግንቡን ቀለም የለወጠ ግን አላየሁም። እኔ ያን መዓት እስካመጣሁበት ጊዜ ድረስ ማለቴ ነው።

ሥራዬ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም መሸጥ ነው። ኮረሪማ፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል። በእኛ ገበያ መርሳት በሽታ አይደለም፣ ሙያ ነው። ደንበኛ "ትናንት በዚህ ዋጋ አልነበረም" ሲለኝ፣ ትናንት የሚባለውን ቀን ከነፀሐዩ እረሳዋለሁ። ስለዚህ አባቴ መርሳት ሲጀምሩ መጀመሪያ ላይ አልደነገጥኩም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር ሲፈልጉ፣ እኔን "ጀማል" ብለው ሲጠሩኝ፣ "ጎሽ፣ ለንግድ ደርሰዋል" እያልኩ እቀልድ ነበር።

አባቴ ጋሽ ደምሴ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ከሐረር ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ሐረር በጭነት መኪና ሲመላለሱ ኖሩ። ሌላው ሰው ዕድሜውን በዓመት ሲቆጥር እሳቸው በጎማ ይቆጥሩ ነበር። ጀማል ደግሞ ረዳታቸው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ከሞተ ቆየ። መኪናዋም ከተሸጠች ቆየች።

ታዲያ አንድ ቀን አባባ ዳቦ ሊገዙ ወጡ። ዳቦ ቤቱ ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ከቤታችን ቢጮሁ ዳቦ ጋጋሪው አቤት ይላል። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አባባ የሉም። እኔ ሱቄን ዘግቼ በአንድ በኩል፣ ባለቤቴ ነጠላዋን እየጎተተች በሌላ በኩል፣ ጎረቤታችንና የልብ ወዳጃቸው ሀጂ ዩሱፍ ደግሞ በከዘራቸው እየተረዱ በሦስተኛው በኩል ስንፈልግ ዋልን። የተገኙት ፈላና በር ነው፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ። ዳቦውን ጉያቸው ውስጥ አቅፈው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል።

"አባባ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ጀማልን እየጠበቅኩ ነዋ! ራዲያተሩ ፈልቶ ውሃ ሊቀዳ ሄዷል።"

ሰው አባቱን በጠራራ ፀሐይ "መኪናም የለም፣ ጀማልም የለም" ይለዋል?

"መጣሁ አባባ፣ ቀድቻለሁ" አልኳቸው። እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳቸው።

የሐረር ወሬ ድሮ በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ አሁን ስልክ ገዝቷል። አባባ ጫማቸውን ሳያወልቁ አዳማ ያለችው ታላቅ እህቴ ብርቄ ደወለች።

"አባቴን ጣልካቸው አሉ!"

"አልጣልኳቸውም። ጠፍተው ነው።"

"ልዩነቱን አስረዳኝ እስቲ!"

ላስረዳት ሞከርኩ። ቅመም ብትሆን መዝኜ አስረዳት ነበር።

"በቃ፣ በአረፋ ዋዜማ መጥቼ ይዣቸው እሄዳለሁ" አለች። "እኔ ዘንድ ግቢ አለ፣ አጥር አለ፣ በሩ ይቆለፋል። ወንድሜ፣ አባት ማለት እንደ አንተ ኮረሪማ ሜዳ ላይ የሚሰጣ ነገር አይደለም።"

እኔ ስልክ ሳወራ ድምፄን መቀነስ አልችልም፤ የእሷም ድምፅ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። አባባ ዳቦውን እየቆረሱ ሁሉን ሰምተዋል። መጀመሪያ ተቆጡ።

"አዳማ? አዳማ ምን አለ? ሜዳ ነው! ሜዳ ላይ ሰው ምን አይቶ ምኑን ያስታውሳል?"

ቆየት ብለው ደግሞ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በሩ ይቆለፋል ነው ያለችው?" አሉኝ።

ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ላይ ለኖረ ሰው ቁልፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ገምቱት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። እዚያ ያለችው ሲስተር ብዙ ጠየቀቻቸው፣ ሰዓት አሳለቻቸው፣ ዕቃ አስቆጠረቻቸው፤ ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠራችኝ።

"ይድናሉ ብዬ አልዋሽህም" አለች። "ግን እጃቸው ሥራ አይፍታ። እጅ ሲሠራ አእምሮም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቀለም ይቀቡ፣ ጭቃ ያድቦልቡሉ፣ ይስፉ። አዲስ ነገር ይሁን፣ ደስ የሚላቸው ይሁን። ብቻቸውን ደግሞ አይሁኑ።"

"መድኃኒትስ የለውም?"

"አሁን የነገርኩህ ምን ይመስልሃል?"

እኔ እንግዲህ ነጋዴ ነኝ። ያለ ሐኪም ወረቀት የሚገዛ መድኃኒት እወዳለሁ። በዚያው ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት የልጆች ሥዕል መቀቢያ መጽሐፍ ከነእርሳሱ፣ የልጆች መጫወቻ ጭቃም ከነቀለሙ ገዝቼ መጣሁ። "ብቻቸውን አይሁኑ" ስለተባለ ሀጂ ዩሱፍንም ጠራኋቸው። ሀጂ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሮዙ ግንብ ባለቤትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን መደብ ላይ አስቀምጬ መጽሐፉን ዘረጋሁላቸው።

አባባ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና አዩ።

"ይቺ ምንድናት?"

"ዳክዬ ናት አባባ። ቀለም ይቀቧታል።"

"ለምን? በርዷታል?"

ሀጂ ዩሱፍ መጽሐፉን ገለባበጡና መለሱልኝ። "አንተ ልጅ፣ እኛ አረጀን እንጂ መልሰን አልተወለድንም። ወላሂ፣ የልጅ ልጆቼ እንዳያዩኝ በሩን ዝጋው።"

ዳክዬዋ እንደበረዳት ቀረች። ጭቃው የተሻለ ነበር። አባባ እያድቦለቦሉ፣ እየቆነጠሩ፣ እየለጠፉ ቆዩና አንድ ነገር ሠሩ። እኔ የቡና ስኒ መስሎኝ "ደስ ይላል" አልኩ።

"ካርቡራተር ነው" አሉ ቅር ብሏቸው።

እውነትም ሲያዩት ካርቡራተር ነበር፤ ብሎኑ ሁሉ አልቀረም። ባለቤቴን ጠርቼ እስካሳያት ሀጂ ዩሱፍ ሶላት ደርሶባቸው ተነሡ፤ ተመልሰው ሲመጡ ቁጭ ያሉት በቀጥታ ካርቡራተሩ ላይ ነው። ነጭ ሱሪያቸው ላይ አረንጓዴ ሞተር ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሚስታቸው ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ ማግስቱን ግን በሌላ ሱሪ ነው የመጡት።

ቀጥሎ ስፌት ሆነ። በእኛ ሰፈር ትልቅ ሴት በአክብሮት "አባይ" ትባላለች፤ አባይ ዘሃራ ደግሞ የብርቱካኑ ቤት እመቤት ናቸው። ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው የስፌት ዓይነት ሰሃን የሚሰቅሉበት ቦታ አላስተረፈላቸውም። ስንደዶውን፣ አለላውንና ወስፌውን ይዘው መጡ፤ ሁለቱን ሽማግሌዎች ፊታቸው አስቀምጠው እንደ ሙሽራ ያስተምሯቸው ጀመር። ወንድ ሲሰፋ ታይቶ አይታወቅምና በሩ ላይ የቆመው ተመልካች ብዛት የእኔ ሱቅ በበዓል ዋዜማ አያገኘውም።

"ደምሴ!" ይላሉ አባይ ዘሃራ፣ "ያን መኪና እንዲህ እየነዳኸው ነው ጅጅጋ የምትደርሰው? ወስፌው መስመሩን ስቶ ገደል ገባኮ!"

"መኪና መሪ አለው! ይሄ ምን አለው?"

"ባለቤት አለው። አንተ ግን ረዳቱም አትሆን።"

ሀጂ ዩሱፍ ልብስ ሰፊ ነበርኩ ብለው እያጠበቁ ሰፉት። ከታች ሞሰብ ሆኖ የተጀመረው ወደ ላይ ሲሄድ እየጠበበ ቆብ ሆኖ አረፈ። እሳቸውም አላፈሩ፣ አደረጉት። አባይ ዘሃራ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አባባም ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ካየሁ ሰንብቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ "ዛሬ ዘሃራ አትመጣም?" አሉኝ። የአባይ ዘሃራን ስም! እኔን ጀማል የሚሉኝ ሰውዬ!

እንዲህም ሆኖ ግን፣ ከበር ሲወጡ ግራና ቀኙ ይምታታባቸዋል። ሀጂ ባይዟቸው ዳቦ ቤት አይደርሱም። የብርቄ መምጫ ደግሞ እየቀረበ ነው።

ይሄኔ ነው ብልጠቴ የመጣው። የእኔ ብልጠት ሲመጣ ቤተሰቤ ዕቃ ይደብቃል።

አረፋ ደርሷል፤ ሰፈሩ ግንቡን ሊያድስ ነው። ሲስተሯም "ቀለም ይቀቡ" ብላለች። ታዲያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግንብ ቢቀቡስ? ሥራ ነው፣ የእጅ ነው፣ አዲስ ነው፣ ወዳጅም አብሮ አለ። ቀለም የሚነግድ ወዳጄ ዘንድ ሄጄ፣ ከየቆርቆሮው የተረፈውን ቅራሪ ሁሉ በርካሽ አስጭኜ መጣሁ። ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ አልጠየቅኩም። ርካሽ ዕቃ አይጠየቅም፤ ከተጠየቀ ያፍራል።

ለሀጂ ግንብ የሚሆን ሮዝ በመካከሉ አልነበረም። ሀጂ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው አሸተቱና "ይሄ ሁሉ ቡናማ ምንድነው?" አሉ። አባባ ግን ጎንበስ ብለው ቡናማውን በጣታቸው ነኩት፤ አዩት፤ ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አነሡት።

"ለውዝ ነው" አሉ። "የባቢሌ ለውዝ ቀለም ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ያቆመዋል? ቡሩሹን አነሡ። ከዋናው መንገድ ሲገባ የመጀመሪያው ማጠፊያ ላይ ያለውን የሀጂን ግንብ ቡናማ ቀቡት፤ መሐሉ ላይ ሰው የሚያህል ለውዝ ከነቅርፊቱ ሳሉበት። "ባቢሌ" አሉ። ጅጅጋ የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከሐረር ሲወጡ መጀመሪያ የሚገኘው ባቢሌ ነው፤ ለውዝ ሳይገዛ የሚያልፍ መኪና የለም። ሀጂ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ራቅ ብለው አዩት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ቡሩሽ አነሡ።

በማግስቱ አረንጓዴው ግንብ ዘንድ ደረሱ። ባለቤቱ የጉልበት ሳይከፍል ሊታደስለት እንደሆነ ሲሰማ "ኧረ የእኔንም!" አለ። በነጻ ከሆነ ሰው መቃብሩንም ያስቀባል። ያ ግንብ ዳካታ ሆነ፤ በዳካታ ሸለቆ እንዳሉት ቋጥኞች፣ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተደርቦ፣ ሊወድቅ ነው ሲሉት ሳይወድቅ። ሀጂ በራሳቸው ሐሳብ አንዲት ፍየል ጨመሩበት። ሦስተኛው ፋፈን ወንዝ ሆነ፤ ድሮ ሰማያዊ ስለነበር ሰማያዊነቱ ተጠብቆለት፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ አረፋ የሚያስነሣ ጎርፍ ተሳለበት። "ይሄ ሲሞላ ስንት መኪና ወዲህና ወዲያ ቆሞ ያድር ነበር መሰለህ" ይላሉ አባባ፣ ቡሩሹን እያንጠባጠቡ። ደረጃው ካራማራ ሆነ፣ ዳገት ነዋ፤ ጎንና ጎኑ ላይ የተጠማዘዘ መንገድ ወጣበት። የእኛ ቤት ደግሞ የጉዞው መጨረሻ ነውና ጅጅጋ ሆነ፤ በሩ አጠገብ ትልቅ የሻይ ብርጭቆ ከነእንፋሎቱ ተሳለ። ጎን ለጎን ያሉት ሌሎች ጉራንጉሮችም ቀሪውን ቅራሪ ተካፈሉት። የብርቱካኑ ቤት ብርቱካን መሆኑ ቀረ፤ ሎሚው ግራጫ ሆነ።

አንድ ማለዳ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። "ተነሥ፣ አባባ የሉም!" አለችኝ። ሱሪዬን በአንድ እግር ለብሼ በሩ ላይ ስደርስ፣ አባባ ደረጃውን እየወጡ ነው። ብቻቸውን። ዳቦ ይዘዋል።

"ባቢሌ ላይ ትንሽ ጭጋግ ነበር" አሉኝና ገቡ።

ዳቦውን ነካሁት። ትኩስ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔ ዛሬ በሰፈሩ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። ችግሩ፣ አባቴ መንገዱን ሲያገኙት ሌላው ሰው በሙሉ ጠፋው።

መጀመሪያ የጠፋችው ከሶፊ ገጠር ወተት የምታመጣው ፋጡማ ናት። የአባይ ዘሃራን ወተት ብርቱካን ግንብ ስታጣ ያገኘችው ደጃፍ ላይ ላለ ማሰሮ ገልብጣ ሄደች። ማሰሮው ውስጥ የበርበሬ ድልህ ነበረበት። ቀጥሎ ለቅሶ ደራሾች ከአቦከር ሰፈር መጡ። "ሎሚው ግንብ" ተብለው ነበር፤ ሎሚ ሲያጡ ድንኳን የተተከለበት ቤት አይተው እየጮሁ ገቡ። ድንኳኑ የሰርግ ነበር። የሙሽራዋ እናት "ለልጄ መዳር ነው እንዲህ የሚያለቅሱልኝ" ብላ አብራቸው አለቀሰች፤ ሙሽራዋ እናቷን አይታ አለቀሰች፤ እውነቱ የታወቀው ከለቀስተኞቹ አንዱ "ሬሳው መቼ ይወጣል?" ብሎ ሙሽራውን ሲጠይቀው ነው። ማታ ማታ ቅንጥብጣቢ ሊለቅም የሚገባው ጅብ እንኳ ለውዙ ዘንድ ቆሞ አስቦ ተመለሰ ይላሉ። ያየ ሰው አለ፤ ምሎልኛል።

እኔ ራሴስ? ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው ነኝ፤ ሲቀቡ አልዋልኩም። አንድ ምሽት ደክሞኝ በር ከፍቼ ገባሁ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ መደብ ላይ ጋደም አልኩና "ራት አልደረሰም?" አልኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ጨዋ ናት፣ "ባለቤቴ ሲመጣ አብራችሁ ትበላላችሁ" አለችኝ።

በመጨረሻ አፎቻው ተሰበሰበ። አፎቻ የሰፈሩ ሰው በሰርግም በኀዘንም የሚረዳዳበት ማኅበር ነው፤ አሁን ግን ሰርጉና ኀዘኑ ስለተደባለቀበት ተቆጥቷል። ፈረዱብኝ። በአረፋ ዋዜማ፣ እያንዳንዱ ግንብ ወደ ድሮ ቀለሙ እንዲመለስ። ፍርዱ ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እፈርድ ነበር። ግን ሮዙ ተመልሶ ሲመጣ ባቢሌ ይጠፋል። ባቢሌ ከጠፋ ዳካታ የለም። ያን ዕለት ደግሞ ብርቄ ትመጣለች።

ዋዜማው ደረሰ። ቀለሙን በጥብጬ በር ላይ አቆምኩ። የአፎቻው ሽማግሌዎች ሥራው ሲጀመር ሊያዩ መጥተው እኛ ቤት ሻይ ይጠጣሉ፤ ሀጂም አሉ፤ አባይ ዘሃራ ጥግ ይዘው ይሰፋሉ። አባባ የተጀመረ ስፌታቸውን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ብርቄ "ልቀበልሽ?" ብላት "በተወለድኩበት ሰፈር መሪ አልፈልግም!" ብላ ዘግታብኛለች። ስልኩ ጮኸ። እጄ ቀለም ስለሆነ ምንጣፉ ላይ አድርጌ ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት።

"አንተ! ሰፈሩን ምን አደረጋችሁት?"

"የት ነሽ?"

"የት እንዳለሁ ባውቅ ለምን እደውልልሃለሁ? ሮዙ ግንብ የታለ?"

"ተይው እሱን። አሁን ምን ይታይሻል?"

"ግንብ! ድንጋይ የተሳለበት። ድንጋይ ላይ ድንጋይ። ቆይ... ፍየልም አለች።"

እኔ ሽማግሌዎቹን አየሁ። ሽማግሌዎቹ ጣሪያውን አዩ። ከቤታችን ወደዚያ በግራ ይሁን በቀኝ የሚኬደው፣ ከሀጂ በቀር አንዳችንም አናውቅም፤ እሳቸውም አባባን ነው የሚያዩት።

"ዳካታ ናት" አሉ አባባ።

ስፌታቸውን አስቀመጡ። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ ጭነት ላይ ሆነው ረዳት በሚጣሩበት ድምፅ፣ "ብርቄ! ከፍየሏ ንቅንቅ እንዳትይ። መጣሁ!" አሉ። ጫማቸውን አደረጉ። እኔ ቀኙ በቀኝ፣ ግራው በግራ መሆኑን አየሁ። ወጡ።

ልከተላቸው ስነሣ ሀጂ ኮቴን ያዙኝ።

"ቁጭ በል።"

"ቢጠፉስ ሀጂ?"

"ከጠፋ እህትህ ትወስደዋለች። ከተከተልከውም ትወስደዋለች። ቁጭ በል ወላሂ!"

ቁጭ አልኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። አባይ ዘሃራ አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ፤ ግን ቀዩ በሚገባበት ጥቁር እያስገቡ እንደሆነ እኔም አየሁ። እንዲያ ያለ ስሕተት እሳቸው እጅ ላይ አይቼ አላውቅም። ከውጭ እርምጃ በተሰማ ቁጥር ሁላችንም በሩን እናያለን፤ ሌላ ሰው ይሆናል። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። "ቀለሙን ላማስል" ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ወረድኩ፣ ታጠፍኩ፣ እንደገና ታጠፍኩ... ስልኬ ምንጣፉ ላይ እንደቀረ ያወቅኩት የት እንዳለሁ ካላወቅኩ በኋላ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በመንገድም በቤትም የሆነውን የነገረችኝ ብርቄ ናት።

አባባ ፍየሏ ሥር አገኟት። ሻንጣዋን ተቀበሏትና "ተሳፋሪ፣ የዕቃ ለብቻ ነው" አሏት። ፋፈን ዘንድ ሲደርሱ በእጃቸው አቆሟት፤ ጄሪካን የጫነች አህያ እስክታልፍ። ካራማራ ሥር "ማርሽ ቀንሺ፣ ዳገት ነው" አሏት። እሷም፣ ያቺ ብረት የምትመስል እህቴ፣ ሳትወድ በግዷ እርምጃዋን ቀነሰች። በሩን ገፍተው ሲገቡ አባባ "ጅጅጋ ገባን! ሻይ!" አሉ።

ብርቄ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። "ማነው ጠፋ ያላችሁኝ?" ትላለች። "ማነው ጠፋ የተባለው?"

ከአፎቻው ሽማግሌዎች አንዱ ሥራ ሊያስጀምሩ የያዙትን ቡሩሽ አይተው ቀስ ብለው ቆርቆሮው ላይ አጋደሙት። ሀጂ ዩሱፍ ተነሡ።

"ሮዙን የቀባው አባቴ ነው፤ አላህ ይማረው፣ ይቅር ይለኛል" አሉ። "ሰፈሩ ሁሉ እንዲያስታውስ አንድ ሰው ይርሳ ከምንል፣ እኛ ብዙ ነን፣ ጤነኞችም ነን። መንገዱን እኛ እንማረው። ባቢሌ፣ ዳካታ፣ ፋፈን፣ ካራማራ። ይሄ ያቅተናል?"

"የእኔ ብርቱካን ግን ይመለስ" አሉ አባይ ዘሃራ። "ወተቴ ድልህ ሆኗል።" ብርቱካኑ እንዲመለስ፣ ሎሚውም ለለቅሶ ሲባል እንዲመለስ፣ የጅጅጋው መንገድ ግን እንዳይነካ ተስማሙ። ብርቄም የአዳማውን ነገር "ከበዓል በኋላ እናያለን" አለች። በእህቴ አፍ ይህ ማለት "ተሸንፌያለሁ፣ አታንሡብኝ" ማለት ነው።

ይሄኔ አባባ ዞር ዞር ብለው አዩና ጠየቁ።

"ጀማል የታለ?"

ጀማል እንግዲህ አንድ ሰማያዊ ግንብ ፊት ቆሟል። ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ በየትም ቢታጠፍ እዚያው ይመለሳል። ፋጡማ ወተቷን ተሸክማ መጣች። "እግዜር ይስጥሽ፣ በየት ነው የእኛ ቤት?" አልኳት። "እኔ አንተን ልጠይቅህ ነበርኮ የቆምኩት" አለችኝ። አብረን ቆምን።

አባባ በማጠፊያው ብቅ አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ መናኸሪያ ውስጥ እንደሚንጎራደድ ሹፌር፣ ቀስ እያሉ መጡ። እኔን አዩ፤ ግንቡ ላይ የሳሉትን ጎርፍ አዩ።

"ፋፈን ሞልቶ ነው ያቆመህ?"

"አዎ አባባ። ሞልቷል።"

አጠገቤ ቆሙና ጎርፉን ትንሽ አብረውኝ ተመለከቱ።

"ይጎድላል" አሉኝ። "ፋፈን የሚወስደው የቸኮለውን ነው። ውሃውስ? ቀዳህ?"

"ቀድቻለሁ አባባ።"

እጄን ያዙኝና ወደ ቤት ወሰዱኝ።